ፌርማታ ላይ የቆመው ሰው የት ገባ?

ሰሞኑን የማነበው ጽሑፍ ልብ ወለድ አይደለም፤ ግጥምም ታሪክም አይደለም። ለማሽን የተጻፈ መመሪያ ነው። አትሳቁ! ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የምጠይቃቸው ጥያቄ "ይህ ጽሑፍ ለማን ተጻፈ?" የሚል ነበር። ዘመኑ ይኸው አንባቢው ሰው ያልሆነ ጽሑፍ ይዞልን መጥቷል። አንባቢው ኤጀንት ይባላል። ኤጀንት ስላችሁ ሰው ወደ ዓረብ አገር የሚልከው ወይም የሚከራይ ቤት የሚያሳየው ደላላ ትዝ እንዳይላችሁ። ይሄኛው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ጥያቄ ሲቀርብለት ቀድሞ ከተማረው ብቻ አይመልስም፤ መረጃው ያለበት ድረስ ሄዶ፣ መሣሪያ መርጦ፣ አስልቶ ነው የሚመለሰው።

እኔ ያነበብኩት ለአውቶቡስ ስምሪት የተዘጋጁትን መሣሪያዎች ነው። የስምሪት ኃላፊው ቢሮው ቁጭ ብሎ "ትናንት ጠዋት የትኛው መስመር ነው የዘገየው?" ብሎ በተራ ቋንቋ ይጠይቃል እንበል። ኤጀንቱ የተሰጡትን መሣሪያዎች ያያል። አንዱ መስመሮችን ይዘረዝራል። ሌላው ከመቶ ስንቱ አውቶቡስ በሰዓቱ እንደደረሰ ያሰላል። ሌላው በአንዱ አውቶቡስና በተከታዩ መካከል ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ይለካል። አንዱ ደግሞ ከፌርማታ ፌርማታ የፈጀውን ጊዜ ያወጣል። ኤጀንቱ የሚያስፈልገውን መርጦ፣ ቁጥሩን ተቀብሎ፣ አሳምሮ በዓረፍተ ነገር ቀምሮ ለአለቃው ያቀርባል። ተቆጣጣሪውና ጸሐፊው ሳምንት ሙሉ የሚደክሙበት ነገር በደቂቃ አለቀ ማለት ነው።

ታዲያ መሣሪያውን በምን ይመርጣል? በማንበብ! እዚህ ላይ ነው የእኔ ጆሮ የቆመው። እያንዳንዱ መሣሪያ ከአናቱ ላይ ጥቂት መስመር መግለጫ አለው፤ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያገለግል፣ ምን ሰጥተውት ምን እንደሚመልስ። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባለውን የመግባቢያ ሥርዓት ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ እንዲህ ያለው መግለጫ ለብዙ ዓይነት ሥራ በብዛት ይጻፋል። መግለጫው አሻሚ ከሆነ ማሽኑ የማይሆነውን መሣሪያ ያነሣል፤ ወይም ትክክለኛውን አንሥቶ ውጤቱን አጣሞ ይተረጉማል። አንዲት ቃል ያለቦታዋ ገብታ አንድ ሰፈር መኪና ሊያጣ ይችላል እኮ! ይሄ ሐያሲ የሚያስፈልገው የጽሑፍ ዘርፍ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እውነቱን ለመናገር አጻጻፉን ወድጄዋለሁ። ቅጽል የለበትም። "በተጠናከረ ሁኔታ" የለበትም፤ "አበረታች ውጤት እየተመዘገበ ይገኛል" የለበትም። የእኛን መሥሪያ ቤቶች የሩብ ዓመት ሪፖርት ያነበበ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ስንት መኪና ከጋራዥ እንደወጣ ለማወቅ ስለ ቅንጅትና ስለ ርብርብ ሰባት ገጽ ታነባላችሁ፤ ቁጥሩን ግን አታገኙትም። የማሽኑ መግለጫ ስምና ግስ ብቻ ነው። ይሄን ይሠራል፣ ይሄን ይመልሳል፣ አለቀ። ዛሬ ክፍል ውስጥ ብሆን ለጀማሪ ጸሐፊዎች እንደ ናሙና አስነብበው ነበር።

ችግሩ ያለው አንዲት ቃል ላይ ነው፤ "በሰዓቱ" የምትለዋ ላይ።

በብዙ አገሮች የትራንስፖርት ድርጅቶች ከተጻፈለት ሰዓት አንድ ደቂቃ ያህል ቀድሞ፣ ወይም እስከ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ የደረሰን አውቶቡስ "በሰዓቱ ደረሰ" ይሉታል። ልኩ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል እንጂ ነገሩ ይኸው ነው። መልካም። ግን "የተጻፈለት ሰዓት" የተባለውን ማን ጻፈው? ራሱ ድርጅቱ። ስለዚህ መሣሪያው የሚለካው ድርጅቱ ለራሱ የገባውን ቃል ነው። ቃላችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ከገባችሁ ደግሞ ዕድሜ ልካችሁን ቃል አክባሪ ናችሁ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ከዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጥረት አብዛኞቹ ቆሙ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው የጊዜ ሰሌዳውን በቀሩት ባቡሮች ልክ አሳጥሮ እንደገና ቢጽፈው፣ በሰዓቱ የመድረሱ መጠን በማግሥቱ ወደ መቶ ይጠጋል። ኤጀንቱም ያንን ቁጥር ይዞ "አፈጻጸሙ ተሻሽሏል" ቢል አልዋሸም። ጣቢያው ላይ ተጨናንቆ የቆመው ሰው ግን መሻሻሉን በየት በኩል ያየዋል?

እንግሊዞች ስለዚህ ጉዳይ የሚያወሩት ታሪክ አላቸው። በ1976 እ.ኤ.አ. በስታፎርድሺር፣ ከሃንሊ ወደ ባግናል የሚሄደው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የተሰለፈውን ሰው ሳያነሣ ያልፋል ተብሎ አቤቱታ ቀረበ። አንድ የአካባቢው የምክር ቤት አባል የሰጡት መልስ፣ ሰው ለመጫን እየቆሙ ከሄዱ የጊዜ ሰሌዳው ይዛባል የሚል ነበር ይባላል። ስቲቨን ፓይል የተባለው ጸሐፊ በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ዝነኛ ውድቀቶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶት አገር ሳቀበት። እኔ ግን አሁን ሳስበው አልሳቅኩም። በሰዓቱ መድረስን ብቻ የሚለካ መሣሪያ ለዚያ አውቶቡስ አንደኛ ደረጃ ነው የሚሰጠው። ሾፌሩም ቅጣትና ጉርሻው በዚያ ቁጥር ከተሰላ ፌርማታ መዝለሉን ይማራል፤ አይፈረድበትም።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው መቐለ፣ ቃላሚኖ ሆኜ ነው። ከተማዋን የማያውቅ ሰው እንኳ ስሙን በትምህርት ቤቱ ያውቀዋል፤ የትግራይ ልማት ማኅበር ያቋቋመው፣ ከየአካባቢው ጎበዝ ጎበዙን ተማሪ እየመረጠ የሚያስተምረው ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የሚገርመው፣ ያው ማኅበር በአውቶቡስም ስሙ ይነሣል፤ ሰላም ባስን የመሠረተው እርሱ ነው። የአገር አቋራጩ አውቶቡስ መነሻ ሰዓት ትኬቱ ላይ ተጽፎ ይሰጣችኋል። ከሰፈራችን መሀል ከተማ የሚያደርሰን ሚኒባስ ግን መቼ ይነሣል? ሲሞላ ነዋ! ረዳቱ "አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው የቀረው!" ይላል፤ ስትገቡ አራት ወንበር ባዶ ነው። (ከማውቃቸው ልብ ወለዶች ሁሉ አጭሩ ይሄ ነው፤ ሁላችንም ውሸት መሆኑን እያወቅን እንገባለን።) እዚህ "በሰዓቱ" የምትለዋን ቃል አምጥታችሁ የት ታቆሟታላችሁ?

"ታዲያ ምን አደከመህ? ይሄ የሠለጠነ አገር ወሬ ነው፤ እኛ መጀመሪያ መኪናው ይኑረን" የሚለኝ አይጠፋም። አልስማማም። የጊዜ ሰሌዳ የሌለው ትራንስፖርት ሊነበብ እንደሚችል ጎረቤታችን ናይሮቢ አሳይታለች። በ2012 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ዲጂታል ማታቱስ በተባለው ሥራ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ማታቱ ላይ እየተሳፈሩ ፌርማታውን አንድ በአንድ መዘገቡ። ከ130 በላይ መስመር ተለቅሞ በ2014 መጀመሪያ እንደ ምድር ባቡር ካርታ ተስሎ ወጣ፤ መረጃውም ለሁሉም ክፍት ሆነ። ማንም "መጀመሪያ ማታቱው ይሠልጥን" ብሎ አልጠበቀም።

እነዚያ ተማሪዎች መረጃውን የጻፉበት ቅርጽ ጂቲኤፍኤስ ይባላል። ጉግልና የአሜሪካዋ የፖርትላንድ ከተማ ትራንስፖርት ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመሩት፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ቅርጽ ነው። ስሙ ቢያስፈራም ውስጡ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ አንዱ ፌርማታዎችን፣ አንዱ መስመሮችን፣ አንዱ ጉዞዎችን፣ አንዱ ሰዓቶችን ይዘረዝራል። ስለ ሰዓት ያለው ሕግ እንዴት እንዳስደሰተኝ ልንገራችሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አምሽቶ የሚደርስ አውቶቡስ መድረሻው 25፡35 ተብሎ ይጻፋል። የስምሪቱ ቀን በእኩለ ሌሊት አያልቅም ማለት ነው! ቀን በእኩለ ሌሊት ይለወጣል የሚባለው ነገር ለእኛ መቼም ተዋጥቶልን አያውቅም።

ግን እዚያው አጠገብ ወጥመድ አለ። የእኛ ሰው "2 ሰዓት" ብሎ የጻፈውን ማሽኑ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ንቅንቅ ሳይል የተነሣ መኪና ስድስት ሰዓት ዘግይቷል ተብሎ ይመዘገባል። ጳጉሜን ተዉት። መግለጫው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢጨመር የሚፈታ ነገር ነበር፤ ያነበብኳቸው መግለጫዎች ግን የማን ሰዓት እንደሆነ አንዳችም አይሉም። ተራኪው ማን እንደሆነ ያልተገለጸበት ትረካ ነው የሆነብኝ።

ክፍተቱን የሚለካው መሣሪያ ለእኛ ይበልጥ ይስማማናል፤ ምክንያቱም ተሳፋሪ የሚኖረው ክፍተቱ ውስጥ ነው። ሂሳቡን ተመልከቱት። በሰዓት አራት መኪና በየ15 ደቂቃው ቢመጣ፣ እንደደረሰው ወጥቶ የሚቆም ሰው በአማካይ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይጠብቃል። እነዚያው አራት መኪኖች ተከታትለው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየ30 ደቂቃው ቢመጡስ? አማካዩ 15 ደቂቃ ይሆናል። መኪናው ያው አራት ነው፣ ነዳጁ ያው ነው፣ ሾፌሩም ያው ነው፤ ጥበቃው ግን እጥፍ ሆነ። "በሰዓት አራት መኪና ተሰማርቷል" የሚለው ሪፖርት ሁለቱንም ቀን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ለንደኖች ይሄ ስለገባቸው ቶሎ ቶሎ በሚመላለሱት መስመሮቻቸው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ትተው፣ ተሳፋሪው ሊጠብቅ ከሚገባው በላይ ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ ይለካሉ። ቃላሚኖ ቢመጣ የምመርጠው ይሄንን ነው።

እሱም ቢሆን ጎዶሎ አለው። ሂሳቡ መኪናው ሲመጣ ሰውየው ይሳፈራል ብሎ ያስባል። ሞልቶ የመጣስ? ረዳቱ በመስኮት እጁን አወዛውዞ "ሞልቷል" ብሎን የሚያልፈውስ? በመረጃው ላይ መኪናው ደርሷል፣ ክፍተቱ ተዘግቷል፣ ጥበቃው አልቋል። ሰውየው ግን እዚያው ቆሟል። ካነበብኳቸው መሣሪያዎች አንዱም ስንት ሰው እንደቀረ አይጠይቅም። ታሪኩ በሙሉ ስለ መኪና ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የለም።

አሁን የሁሉንም ከባዱን ላንሣ። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ከተነሣ በኋላ እዚህ ከተማ ውስጥ ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ መብራትና ባንክ ለረዥም ጊዜ ተቋርጠው እንደነበር፣ ነዳጅም እንደጠፋ የሚታወቅ ነው። ሰው በእግሩ ሄደ። ብስክሌት ያለው በብስክሌት ሄደ። ጋሪ ተፈላጊ ሆነ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈርሞ አገልግሎቱ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም በአንዴ አይደለም። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ይሄ መሣሪያ ኖሮ አንድ ኤጀንት ከሩቅ ሆኖ "ዛሬ መቐለ ውስጥ ስንት መኪና ዘገየ?" ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? ከከተማዋ የሚደርሰው መረጃ የለም። መሣሪያው የሚመልስለት ባዶ ዝርዝር ነው። ባዶውን ዜሮ ብሎ ካነበበው ደግሞ መልሱ "ዛሬ የዘገየ መኪና የለም" ነው። አንድም መኪና ያልተንቀሳቀሰበት ቀን እንከን የሌለበት ቀን ሆኖ ይመዘገባል!

ይሄ የምናብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። መግለጫዎቹን ያሳየኝ የቀድሞ ተማሪዬ ለሙከራ ያህል ጥቂት ሚኒባሶች ውስጥ ስልክ አስቀምጦ ነበር። አንደኛው ስልክ ባትሪው አልቆ ግማሽ ቀን ሞተ። ኤጀንቱ ስለዚያ መስመር ሲጠየቅ የመለሰው "በመስመሩ ላይ መዘግየት አልታየም" የሚል ነው። ቃል በቃል ብትወስዱት ትክክል ነው፤ አልታየም። ማን አየና ይታያል! በቅኔ ቋንቋ ሰሙ "መዘግየት የለም"፣ ወርቁ "ዓይን የለም" ነው። ልዩነቱ ቅኔ የሚዘርፈው ሰው ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ ይሄኛው ግን ሰሙን ብቻ ይዞ፣ እርግጠኛ በሆነ ሰው ድምፅ ለአለቃው ያደርሳል። ዓረፍተ ነገሩ ባማረ ቁጥር የሚጠራጠረው ሰው ይቀንሳል።

አለቃው ያንን አንብቦ ምን ያደርጋል? ደህና ከተባለው መስመር ሁለት መኪና አንሥቶ ተቸገረ ወደተባለው ያዛውራል። ጨዋ ውሳኔ ነው። ደህና የተባለው ግን ያልታየው ነው፤ ያልታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳር ያለው፣ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት፣ የሾፌሩ ስልክ አሮጌ የሆነበት ሰፈር ነው። አይደር ሆስፒታል የጠዋት ቀጠሮ ያላት ሴትዮ በዚህ ሒደት መኪናዋን ታጣለች። ገንዘብ ካላት ባጃጅ ኮንትራት ትይዛለች፤ ከሌላት በእግሯ ትወጣለች። ዘግይታ ስትደርስ "ተራሽ አልፏል" የሚላት ሰው የእርሷን ስም ይመዘግባል። የመኪናው መዘግየት የትም አልተመዘገበም፤ የእርሷ መዘግየት ግን ተመዘገበ።

ስለዚህ በዚህ ነገር አልደራደርም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር፣ መታየት ከነበረባቸው መኪኖች ስንቱ እንደታዩ አብሮ መመለስ አለበት። "ከ12 መኪኖች 4 ታይተዋል፤ ከታዩት 3 በሰዓታቸው ነበሩ" ይበል። ዘጠና በመቶ ምናምን የሚለውን ከዚያ በኋላ ያምጣው። መግለጫው ላይም ባዶ መልስ ማለት መረጃ አልደረሰም ማለት እንጂ መዘግየት የለም ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ይጻፍ። አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ይሄ የሌለው መሣሪያ ከሚገባ ተራ አስከባሪው እንደ ድሮው በጩኸት ቢያስተናግደን ይሻለኛል።

ተራ አስከባሪውን ካነሣሁ አይቀር፣ እሱ ደብተር አለው። የተማሪ ደብተር ነው፤ ማዕዘኑ ታጥፎ ታጥፎ አልቋል። አንድ ጠዋት እንዲያሳየኝ ጠይቄው፣ "መምህር፣ ይሄ ምን ይነበባል?" እያለ ሰጠኝ። የሰሌዳ ቁጥር አለ፣ የተነሣበት ሰዓት አለ፤ በእኛው አቆጣጠር። መሀል መሀል ላይ ደግሞ ቁጥሩን አቋርጦ በትግርኛ የጻፈው አለ፦ "ሰብ ኣሎ፣ መኪና የለን"። ሰው አለ፣ መኪና የለም ማለቱ ነው። አንዳንዱ ገጽ ላይ ከሥሩ "እስከ 3 ሰዓት" ብሎ ጨምሮበታል። ለምን እንደሚጽፈው ስጠይቀው፣ ሾፌሮቹ "ተራዬን ዘለልከኝ" እያሉ ሲጨቃጨቁት ያልነበሩበትን ሰዓት ለማሳየት እንደሆነ ነገረኝ። መሣሪያዎቹ የሌላቸው ዓምድ ይኸው ነው፤ መኪና የሌለበት ሰዓት ተጽፏል፣ የቆመውም ሰው ተጠቅሷል።

ያንን ደብተር በየዕለቱ ፎቶ እያነሡ ወደ ማሽን ማስገባት እንደሚቻል የሚያውቁ ሰዎች ነግረውኛል፤ የእጅ ጽሑፉ ብቻ ትንሽ ያስቸግራል አሉ። ይሁን። እስከዛሬ እሱ የሚኖረው መኪና በተነሣ ቁጥር ከረዳቱ በሚቀበላት ሳንቲም ነው። መኪና በሌለበት ሰዓት ገቢ የለውም፤ የሚጽፈው ግን ያኔም ነው። የሙከራውን የወጪ ዝርዝር አይቼዋለሁ፤ ለስልክ፣ ለኢንተርኔትና ለሰርቨር ተይዟል። ለሱ የተያዘ መስመር ፈልጌ አላገኘሁም።